የተቃጠለ አየርን ወደ ነዳጅ የመለሰው የክፍለ ሀገር መምህር፦ የፖል ሳባቲዬ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። በደቡብ ጎንደር ያደግን ልጆች ስሙን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩበት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። መምህራኖቻችን ስለ ጋፋት ሲያስተምሩን የንጉሡን ቁጭት፣ የመድፉን ክብደት፣ እስከ መቅደላ የተጎተተበትን አስቸጋሪ መንገድ ነግረውናል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ። ያ ሁሉ ማዕድን የቀለጠበት ከሰል የት ገባ?

ለኬሚስትሪ ተማሪ መልሱ ቀላል ነው። ከሰሉ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ፤ በልማድ የተቃጠለ አየር የምንለው ማለት ነው። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት በወንዛዬ ፍል ውሃ አካባቢም ይሁን በጉና ተራራ ግርጌ፣ ዛሬም በየቤቱ እንጨቱ፣ ኩበቱና ከሰሉ ሲነድ የሚሆነው ይኸው ነው። ነዳጁ ተቃጥሎ አየር ይሆናል፤ አየሩ ተመልሶ ነዳጅ ሲሆን ግን ማንም አላየም። ዛፍ ይሠራዋል እንዳንል ባሕር ዛፉ ለመቆረጥ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል።

ይህ መንገድ በዛፍ ብቻ ሳይሆን በብረት ዱቄትም ወደ ኋላ እንደሚያስኬድ በላቦራቶሪ ያሳየው ሰው ፖል ሳባቲዬ ይባላል። ዛሬ ከፋብሪካ ጭስና ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰብስቦ ፈሳሽ ነዳጅ ስለማድረግ ብዙ ይወራል። ወሬው አዲስ ቢመስልም ሥሩ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። እኔ የሳባቲዬን ሕይወት ለዚህ መጽሔት የመረጥሁት ግን ለግኝቱ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ይህን ሁሉ የሠራው በዋና ከተማ ተቀምጦ አልነበረም። ይሄ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ትምህርት

ፖል ሳባቲዬ ኖቬምበር 5 ቀን 1854 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በካርካሶን ከተማ ተወለደ። ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ለማስተያየት ያህል፣ ሳባቲዬ በተወለደ በሦስት ወሩ ደጃዝማች ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሴባስቶፖል ከዚህ ተነሥቶ መቅደላ ሲደርስ ደግሞ ሳባቲዬ የ13 ዓመት ተማሪ ነበር።

ካርካሶን በጥንታዊ ቅጥሯ የታወቀች፣ በወይን እርሻ የተከበበች አነስተኛ ከተማ ናት። ልጁ በዚያችው ከተማ ከዚያም በቱሉዝ ከተማረ በኋላ በ1874 ፓሪስ በሚገኘውና መምህራንን በማሠልጠን በታወቀው በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገባ። በ1877 ሲመረቅ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኖቤል የደረሰው ይህ ሰው የተማረው መምህር ለመሆን ነበር።

ከተመረቀ በኋላ ኒም በምትባል ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተማረ። በ1878 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በዘመኑ እጅግ ኃያል የነበረው ኬሚስት የማርሴለን ቤርተሎ ረዳት ሆነ። በ1880 በድኝና ከብረታ ብረት ጋር በሚፈጥራቸው ውሑዶች የሙቀት ጥናት ላይ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ቤርተሎ ታላቅ ሊቅ ቢሆንም የአቶምን ሐሳብ ለመቀበል ለረዥም ጊዜ አሻፈረኝ ያለ ሰው ነበር። ሳባቲዬ ግን ከመምህሩ የሙቀት መለኪያ ጥበብንና ጥንቃቄን ወስዶ አስተሳሰቡን በራሱ መንገድ አደረገ። ከመምህር መማር እንዲህም ይሆናል።

ወደ ቱሉዝ

ሳባቲዬ ቦርዶ ውስጥ አንድ ዓመት ካስተማረ በኋላ በ1882 ወደ ቱሉዝ ሄዶ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ። በ1884 ገና 30 ዓመት ሳይሞላው (ወይም በዚያው ሰሞን) የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ በኋላ የትም አልሄደም። በዚያችው ከተማ አስተማረ፣ ተመራመረ፣ ከ1905 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ሆነ፤ አራት ሴቶች ልጆችም አፈራ። ዝምተኛ ሰው እንደነበር ይነገርለታል።

በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ሳይንስ ማለት ፓሪስ ማለት ነበር። ገንዘቡ፣ ላቦራቶሪው፣ አካዳሚው፣ ዝናው ሁሉ እዚያ ነው። በክፍለ ሀገር ያለ ፕሮፌሰር ተራውን ጠብቆ ወደ ፓሪስ የሚዛወርበትን ቀን ይቆጥራል። ሳባቲዬ ይህን ቆጠራ አልቆጠረም።

የኒኬሉ ዱቄት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1890 ሉድቪግ ሞንድ የተባለ በእንግሊዝ አገር የሚሠራ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘ። ኒኬል የተባለው ጠጣር ብረት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነካው ተዋሕዶ የሚተን ውሑድ ይሆናል። ብረት በቀላሉ ሲተን! ሳባቲዬ ይህን ሲሰማ ራሱን ጠየቀ፤ ኒኬል ካርቦን ሞኖክሳይድን እንዲህ ከያዘ ሌሎች ጋዞችንስ አይዝም ወይ?

ይህን ጥያቄ ይዞ ሥራ ሲጀምር ዣን ባፕቲስት ሳንደሬንስ የሚባል ካህን ረዳው። ሳንደሬንስ በዚያው በቱሉዝ በሚገኘው የካቶሊክ ተቋም ኬሚስትሪ የሚያስተምር ቄስ ነበር። በሃይማኖትና በመንግሥት መካከል ብርቱ ጭቅጭቅ በነበረበት በዚያ ዘመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ቄስ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት አብረው ሠሩ። መጀመሪያ በናይትሮጅን ኦክሳይዶች ሞከሩ፤ ቀጥለው ኤቲሊን የተባለውን የካርቦንና የሃይድሮጂን ጋዝ አሰቡ።

በመሀል ግን በ1896 አንሪ ሟሳንና ሻርል ሙሩ የተባሉ ሁለት የፓሪስ ኬሚስቶች ተመሳሳይ ሙከራ ማድረጋቸው ተሰማ። እነሱ አሴቲሊን የተባለውን ጋዝ በኒኬል ዱቄት ላይ ሲያሳልፉት ዱቄቱ ግሎ ፍም መሰለ፤ ጥላሸትም ተከመረበት። የወጣውን ጋዝ በአብዛኛው ሃይድሮጂን ነው ብለው ገምተው ነገሩን ተዉት። እዚህ ላይ የሳባቲዬ ጠባይ ይታያል። ሥራውን ዝም ብሎ አልቀጠለም። ምርምሩን ልትገፉበት ታስባላችሁ ወይ ብሎ ሟሳንን ጠየቀ፤ አንቀጥልም ሲሉት ነው ወደ ራሱ ላቦራቶሪ የገባው።

በ1897 ሳባቲዬና ሳንደሬንስ ኤቲሊኑን በሞቀ የኒኬል ዱቄት ላይ አሳለፉ። ጥላሸቱ እንደተባለው መጣ። የወጣውን ጋዝ ግን በግምት አላለፉትም፤ መረመሩት። ሃይድሮጂን ሳይሆን በአብዛኛው ኤቴን ሆኖ ተገኘ። ኤቴን ማለት ሃይድሮጂን የተጨመረበት ኤቲሊን ነው። ስለዚህ ከፈረሰው ኤቲሊን የወጣውን ሃይድሮጂን ወስዶ ላልፈረሰው የሰጠ አንድ አካል አለ ማለት ነው። እሱም ኒኬሉ ነው። ከዚያ በኋላ ኤቲሊንና ሃይድሮጂንን ቀላቅለው በኒኬሉ ላይ ሲያሳልፉ ሁለቱ ያለ ብዙ ሙቀት ተዋሐዱ፤ ኒኬሉም እንደነበረ ቀረ።

በፓሪሶቹና በቱሉዞቹ መካከል የነበረው ልዩነት የመሣሪያ አልነበረም፤ የወጣው ጋዝ ምንድን ነው ብሎ የመጠየቅ ልዩነት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ራሴን ታዘብኩ። ስንት ጊዜ ነው በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ መጽሐፉ የሚለውን ጽፈን፣ ያየነውን የተውነው?

በ1901 ቤንዚንን (መኪና ውስጥ የምንቀዳውን ሳይሆን ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱን ውሑድ) በ180 ዲግሪ ገደማ በኒኬል ላይ ከሃይድሮጂን ጋር አሳልፈው ሳይክሎሄክሴን አደረጉት። ብዙዎች ሲደክሙበት የኖሩት ሥራ በአንድ የመስታወት ቱቦና በጥቂት ዱቄት ተጠናቀቀ።

የተቃጠለው አየር ተመለሰ

በ1902 ሁለቱ ሰዎች ለእኛ ርእስ ዋና የሆነውን ሙከራ አወጡ። በኤቲሊን ፋንታ መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ቀጥለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሃይድሮጂን ጋር ቀላቅለው በኒኬሉ ላይ አሳለፉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ቃጠሎ የጨረሰ፣ ከእንግዲህ የማይነድ ጋዝ ነው። እሳት ለማጥፋት የሚረጨውም እሱ ነው። ይኸው የማይነድ ጋዝ በ300 ዲግሪ ገደማ ሙቀት በኒኬል ዱቄት ላይ ሲያልፍ የሚነድ ጋዝ ሆኖ ወጣ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞሎኪዩልና አራት የሃይድሮጂን ሞሎኪዩሎች ይገባሉ፤ አንድ የሜቴንና ሁለት የውሃ ሞሎኪዩሎች ይወጣሉ። ሜቴን ከጤፍ ገለባና ከከብት እበት በባዮጋዝ ጉድጓድ የምናገኘው፣ ምድጃ ላይ የሚነደው ጋዝ ነው። ይህ ለውጥ እስከ ዛሬ የሳባቲዬ ሪአክሽን ተብሎ ይጠራል።

በዚያው ሰሞን ሳባቲዬና ሳንደሬንስ ሌላም ነገር አድርገዋል። አሴቲሊንን ከሃይድሮጂን ጋር በኒኬል ላይ እያሳለፉ፣ ሙቀቱንና ሁኔታውን እየቀያየሩ፣ ከምድር ከሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ ጋር የሚመሳሰሉ ፈሳሾችን አገኙ። ማለትም ፈሳሽ ነዳጅ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ከጋዝ ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል።

ሽማግሌው ብረት

ካታሊስት ምንድን ነው? ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ትርጉሙን በአንድ መስመር አጥንቼ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ራሱ ሳይለወጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር። ልክ ነው ተብሎ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደሚያፋጥን አልገባኝም ነበር፤ በዓይኔም አላየሁም። ነገሩ የገባኝ ሳባቲዬን ሳነብ ነው።

በእኛ አገር ጋብቻ በሽማግሌ ይጠየቃል። ሽማግሌው ከወንዱ ቤት ተነሥቶ ከሴቷ ቤት ይሄዳል፤ ተቀምጦ ያግባባል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲዛመዱ እሱ ከዘራውን ይዞ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ካታሊስት ሽማግሌ ነው። በሳባቲዬ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ካታሊስት ጋዞችን በቀዳዳዎቹ እንደ ስፖንጅ መጥጦ በማጨናነቅ ብቻ የሚሠራ ይመስላቸው ነበር። ሳባቲዬ አይደለም አለ። ኒኬሉ በገጹ ላይ ከሃይድሮጂኑ ጋር ለጊዜው እውነተኛ ኬሚካላዊ ውሑድ ይፈጥራል፤ ውሑዱ ግን ስለማይጸና ሃይድሮጂኑን ለሌላው ሰጥቶ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል ብሎ አስተማረ።

ከዚህ ሐሳብ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የሳባቲዬ መርህ ወጣ። ካታሊስቱ ጋዙን በጣም አላልቶ ከያዘው ጋዙ ሳይለወጥ ያልፋል። በጣም አጥብቆ ከያዘው ደግሞ አይለቀውም፤ ገጹም ይሞላና ሥራ ይቆማል። ጥሩ ካታሊስት በመጠኑ የሚይዝ፣ በጊዜው የሚለቅ ነው። እንደ ሽማግሌው ማለት ነው፤ ነገሩን ካላጠበቀ አይሰማም፣ ከበዛም ጋብቻው ይፈርሳል። ሳባቲዬ ከዚህ ጋር ካታሊስት እንደሚመረዝም አሳየ። በጋዙ ውስጥ ጥቂት የድኝ ውሑድ ከገባ ኒኬሉን አጥብቆ ይዞ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ዛሬ የፋብሪካ ጭስን ወደ ነዳጅ ለመለወጥ የሚደክሙ መሐንዲሶች አስቀድመው ጭሱን ከድኝ የሚያጠሩት ለዚህ ነው።

ፓሪስ ጠራችው፣ እሱ ቀረ

በ1907 ሁለት ታላላቅ ሰዎች ተከታትለው ሞቱ፤ ሟሳንና ቤርተሎ። ሁለቱም በፓሪስ ትልቅ ወንበር የነበራቸው ናቸው። የሟሳንን የሶርቦን ወንበርም ሆነ የቤርተሎን የኮሌዥ ደ ፍራንስ ወንበር እንዲይዝ ሳባቲዬ ተጠየቀ። ማንም በደስታ የሚቀበለውን ይህን ጥሪ አልተቀበለም። ከቱሉዝ አልወጣም አለ።

ቀርቶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፋኩልቲውን በሚመራበት ዘመን በቱሉዝ የኬሚስትሪ ተቋም በ1906፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተቋም በ1907፣ የእርሻ ተቋም በ1909 እንዲቋቋሙ ትልቁን ድርሻ አበረከተ። እነዚህ ሦስቱ ለአካባቢው የሚጠቅሙ ነበሩ። ከፒሬኔ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ገበሬው እርሻ አለው፤ ኢንዱስትሪው ኬሚስት ይፈልጋል። እሱ ወደ ፓሪስ መሄዱን ትቶ ፓሪስ ውስጥ ያለውን ወደ ቱሉዝ አመጣ።

በ1912 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሁለት ፈረንሳውያን ተሰጠ። አንዱ ሳባቲዬ ሲሆን ሌላው ቪክቶር ግሪኛር ነው። ግሪኛርም ታላቅ ሥራውን የሠራው በሊዮን ነበር፤ በተሸለመ ጊዜም የናንሲ መምህር ነበር። ማለትም የዚያ ዓመት ሁለቱም ተሸላሚዎች የክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው። የሳይንስ አካዳሚው በዚያ ዘመን ሙሉ አባል ለመሆን ፓሪስ መኖርን ይጠይቅ ነበር። በ1913 ግን ከፓሪስ ውጭ ለሚኖሩ ስድስት ወንበሮች ተፈጠሩና ለዚህ የመጀመሪያው ተመራጭ ሳባቲዬ ሆነ። ሕጉ ተለውጦ እሱ ዘንድ መጣ እንጂ እሱ ወደ ሕጉ አልሄደም። በዚያው ዓመት ስለ ካታሊስት ያወቀውን ሁሉ የሰበሰበበትን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ታሪኩ ግን ጥላ የለበትም ማለት አይደለም። በእነዚያ ዋና ዋና ሙከራዎች ሁሉ ስሙ አብሮ የታተመው ካህኑ ሳንደሬንስ ከኖቤል ሽልማት ድርሻ አላገኘም። እስከ 1905 ገደማ አብረው ከሠሩ በኋላ መንገዳቸው ተለያይቷል። ኖቤል ኮሚቴው ለምን አንዱን ብቻ እንደመረጠ ማከራከሩ አልቀረም። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ሳንደሬንስን ሳያነሡ የ1897ንና የ1902ን ሙከራ መተረክ ትክክል አይደለም። ለዚህም ነው እዚህ ስሙን ደጋግሜ የጻፍሁት።

ቅቤና ገንዘብ

ከሳባቲዬ ሥራ መጀመሪያ የበለጸገው ነዳጅ ሳይሆን ቅቤ ነው። የኒኬል ዱቄት ለፈሳሽ ዘይት ሃይድሮጂን ሲጨምርለት ዘይቱ ይረጋል። ሳባቲዬ የሠራው በተን ላይ ነበር። ቪልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ይኸው መንገድ በፈሳሽ ዘይትም እንደሚሠራ አሳይቶ በ1902 የፈጠራ መብት አወጣ። ከዚያ ማርጋሪንና የመሳሰለው የሚረጋ የአትክልት ቅቤ በዓለም ገበያ ተሰራጨ። ትልቁን ገንዘብ ሌሎች በሉት። (በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት እንዲህ ያለ ቅባት ለልብ ጎጂ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ሳይንስ በረከትና ዕዳ ባንድ ከረጢት ይዞ ይመጣል።)

ከጋዝ ወደ ፈሳሽ

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሙከራ ግን ለረዥም ጊዜ መጽሐፍ ውስጥ ተኛ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከርሰ ምድር ነዳጅ ርካሽ ነበር፣ ሃይድሮጂን ውድ ነበር፣ ስለ ጭስም የሚጨነቅ አልነበረም። ሌሎች ግን መንገዱን ይዘው ቀጠሉ። በ1923 በጀርመን ሜታኖል ከካርቦን ሞኖክሳይድና ከሃይድሮጂን በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ እነዚሁኑ ሁለት ጋዞች በብረትና በኮባልት ላይ አሳልፈው ቤንዚንና ናፍጣ መሰል ፈሳሽ አወጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን፣ ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከድንጋይ ከሰል በዚህ መንገድ ነዳጅ ሠርተዋል።

እዚህ ላይ የሳባቲዬ መርህ ቁልፍ ይሆናል። ጋዞቹ ያው ናቸው፤ የሚወጣውን የሚወስነው ሽማግሌው ነው። ኒኬል ካርቦኑን ከኦክስጅኑ ፈጽሞ አላቅቆ ሜቴን ላይ ያደርሰዋል። መዳብ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ሲሆን በመጠኑ ስለሚይዝ አንዱን ኦክስጅን ሳያስለቅቅ ሜታኖል ላይ ያቆመዋል። ብረትና ኮባልት ደግሞ ካርቦኑን ከካርቦን እያያያዙ ረዣዥም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ናፍጣ ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ይህ በተግባር ይታያል። በአይስላንድ ከእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሜታኖል የሚለውጥ ፋብሪካ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በቻይና አንያንግ በ2022 በዓመት 110,000 ቶን ሜታኖል እንዲሠራ የታቀደ ፋብሪካ ተከፈተ። የሳባቲዬ ሪአክሽን ራሱ ደግሞ በ2010 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥቶ ጠፈርተኞች ከሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ለማግኘት ውሏል።

በዚህ መስመር የአገራችንም ስም አለ። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ የግእዝ ሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ በአሜሪካ በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሥራ የተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀትን የሚጠቀም ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ ነገር በ1,600 ዲግሪ ገደማ ሲግል ኦክስጅን ይለቃል፤ ሲቀዘቅዝ የጎደለውን ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ይነጥቃል። የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ነው፤ የፈሳሽ ነዳጅ ጥሬ ዕቃ ማለት ነው።

ለእኛስ?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነዳጅ ከምንም አይፈጠርም። አንድ ቶን ሜታኖል ለመሥራት ወደ 1.4 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ 190 ኪሎ ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ሃይድሮጂኑን ውሃ በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ እናውጣ ብንል ለአንዱ ኪሎ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በጠቅላላው ከ9,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ከሜታኖሉ ሲነድ የምናገኘው ግን ወደ 5,500 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት እንጀራን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይሻላል እንጂ ሜታኖል ሠርቶ ማንደድ ሞኝነት ነው። ለቤት መኪናም እንዲሁ፤ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወሳል።

ታዲያ ፈሳሽ ነዳጅ ለምን ይጠቅማል? ባትሪ ለማይሸከመው ነው። አውሮፕላን በባትሪ አህጉር አያቋርጥም። ኢትዮጵያ ደግሞ ትልቅ አየር መንገድ ያላት፣ ነዳጇን ከሞላ ጎደል በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር ናት። በሌላ በኩል ከውሃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ አላት፤ በ2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ሩቅ አንፈልገውም። የሲሚንቶ ፋብሪካ አንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ባቃጠለ ቁጥር ከድንጋዩ ብቻ 440 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህንን ማንኛችንም በሞል ሂሳብ ልናረጋግጠው እንችላለን። የጎደለው ርካሽ ሃይድሮጂንና ጥሩ ሽማግሌ ነው። ጥሩ ሽማግሌ መፈለግ ደግሞ የኬሚስት ሥራ ነው።

ነገር ግን ገና ብዙ ገጠር ቤት መብራት ባልገባበት አገር ግድቡ መጀመሪያ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። እናቴ ዛሬም በኩበት ትጋግራለች። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ስለ አውሮፕላን ነዳጅ ብጽፍ ሊታዘበኝ የሚችል ሰው አለ። መልሴ ይሄ ነው፤ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። ያለንን ኃይል ሳናባክን እንዴት እንጠቀምበት የሚል ጥያቄ።

ማጠቃለያ

ሳባቲዬ በ1930 ጡረታ ወጣ፤ ከማስተማር ግን አልራቀም። ኦገስት 14 ቀን 1941 በ86 ዓመቱ በዚያችው በቱሉዝ አረፈ። አገሩ በጀርመን ተሸንፋ፣ ነዳጅ በጠፋበት ክፉ ጊዜ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ያ ዓመት ጣሊያን የተባረረበት ነው። የቱሉዝ የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት በስሙ ሲጠራ ቆይቷል።

እኛ ተማሪዎች ማታ ማታ ስንጫወት ወሬያችን አንድ ነው። ተመርቀን አዲስ አበባ መግባት፣ ከተቻለም ከዚያ ማለፍ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እኔም አስቤዋለሁ። ሳባቲዬ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቷል። የሌላውን ሥራ ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ጠየቀ፤ የወጣውን ጋዝ በግምት ሳይሆን በምርመራ አወቀው፤ ባለበት ቦታ ቆሞ ቦታውን ከፍ አደረገው። ለመነሻው የመስታወት ቱቦ፣ ማሞቂያና ጥቂት የኒኬል ዱቄት በቅተውታል።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ እውቀትን ወደዚህ ደጋ ለማምጣት በራሳቸው መንገድ ሞክረው ነበር። እሳቱ ጠፋ፣ ባለሙያዎቹ ተበተኑ፣ ከሰሉም አየር ሆኖ ቀረ። የሳባቲዬ ትምህርት ግን የተቃጠለ አየር እንኳ ጥሩ ሽማግሌ ካገኘ ተመልሶ ነዳጅ እንደሚሆን ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ላቦራቶሪ ስንገባ ቢያንስ አንድ ነገር እናድርግ፤ ከቱቦው የወጣው ምን እንደሆነ መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት ራሳችን እንመርምር።